የባግ ፍለጋ ውድድር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሞኑን በውስጥ መስመር እየመጣችሁ ስለ ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ፍለጋ ውድድር የምትጠይቁኝ ልጆች በዝታችኋል፣ አብዛኛው ጥያቄ ደግሞ ተመሳሳይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ስራዬ ቴስተርነት ነው፣ ማለትም ሶፍትዌር እየሞከርኩ ስህተቱን መፈለግ፣ ተወዳድሬም ዳኛ ሆኜም አውቃለሁ፣ ስለዚ የምነግራችሁ በአይኔ ያየሁትን ነው።

በትክክል ምን ላይ ነው የምንወዳደረው?

አንድ ሶፍትዌር ይሰጣችኋል፣ ዌብሳይት ሊሆን ይችላል የሞባይል አፕም ሊሆን ይችላል፣ ከዛ በተወሰነ ሰአት ውስጥ ችግሮቹን እየፈለጋችሁ ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ሶፍትዌሩ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚነገራችሁ ሰአቱ ሲጀምር ነው፣ ቀድሞ አጥንቶ መምጣት አይቻልም። በአለም ደረጃ ከሚታወቁት አንዱ የሶፍትዌር ቴስቲንግ ወርልድ ካፕ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ፍጻሜው ጀርመን ፖትስዳም ከተማ አጃይል ቴስቲንግ ዴይስ በሚባለው ኮንፈረንስ ላይ ተካሄደ፣ ማጣሪያው ግን በየአህጉሩ በኢንተርኔት ነበር፣ እስከ አራት ሰው ያለው ቡድን ሶስት ሰአት ይሰጠውና ፕሮዳክት ኦነሩ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ምን መስራት እንዳለበት የሚወስነው ሰው፣ በቀጥታ ስርጭት ቀርቦ የተወዳዳሪውን ጥያቄ ይመልስ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ቡድኑ ከባጎቹ ሌላ አንድ ጠቅላላ የቴስት ሪፖርት ይሰጥ ነበር። ከዛ በፊትም ዩቴስት የሚባለው ድርጅት ባግ ባትል እያለ በኢንተርኔት ያወዳድር ነበር፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2008 ክሮምን ፋየርፎክስንና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አሰልፎ ቴስተሮቹን ባግ ፈልጉ ብሏል። አሁን በየቦታው የሚዘጋጁት ትናንሽ ውድድሮች ሰአቱን ቢያሳጥሩትም መልካቸው ከወርልድ ካፑ ብዙም አይርቅም።

ከሃኪንግ ውድድር ጋር አንድ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል። እንደ ፖውን ቱ ኦውን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ ቫንኩቨር ላይ የተጀመረው ማለቴ ነው፣ የሴኪዩሪቲ ሰዎች ውድድር ነው፣ ቀዳዳ አግኝተህ መሳሪያውን ሰብረህ መግባት አለብህ። ባግ ባውንቲ ደግሞ ካምፓኒው በሩን ከፍቶ አመቱን ሙሉ ቀዳዳ ላገኘልኝ እከፍላለሁ የሚልበት ነው። የእኛው ግን የሚያተኩረው ተራውን ተጠቃሚ የሚያሰናክለው ነገር ላይ ነው፣ ተሳስቶ የሚደምር ደረሰኝ፣ ከፍሎ ትኬቱ ያልመጣለት ሰው፣ ስሙን አልቀበልም ያለው ፎርም። የሴኪዩሪቲ ችግር ካገኛችሁም ይቆጠርላችኋል፣ ደንቡ ከፈቀደ።

ኮድ መጻፍ አልችልም፣ ልወዳደር?

አዎ ተወዳደር። አዎ ተወዳደሪ። ይሄን ጥያቄ የምትጠይቁት በአብዛኛው ሴቶችና ከሌላ ሙያ የመጣችሁ ልጆች ስለሆናችሁ ደግሜ ነው የምላችሁ። አንድ ጊዜ ቡድናችን ውስጥ አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ነበረች፣ እኛ ሶስታችን በተኑን ስንነካካ እሷ ቀጥታ ወደ ደረሰኙ ሄደች፣ ቫቱ 15 ፐርሰንት ተብሎ የሚሰላው ቅናሹ ከመቀነሱ በፊት ባለው ዋጋ ላይ እንደሆነ በካልኩሌተር አወጣችው፣ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ንዑስ ድምር ደግሞ ከቅናሽ በኋላ ያለው ነው፣ ማለትም ደንበኛው ቅናሽ ባለበት በእያንዳንዱ ግዢ ከሚገባው በላይ ይከፍላል ማለት ነው። ከዛ ቀን ባጎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። ነርስ ከሆንሽ የሆስፒታል ሲስተም ላይ፣ ሱቅ ከሰራህ የሽያጭ ሲስተም ላይ ፕሮግራመሩ የማያየውን ታያላችሁ።

ብቻዬን ይሻላል ወይስ በቡድን?

ደንቡ ከፈቀደ በቡድን። ግን አራት ሰው አንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ አንድ አይነት ነገር ሲጫን መዋል ቡድን አይባልም። አንድ ሰው ሞባይሉን፣ አንድ ሰው ክፍያውን፣ አንድ ሰው ምዝገባና አካውንቱን ይያዝ፣ አራተኛው ደግሞ ሌሎቹ ያገኙትን እየደገመ በርግጥ ይከሰታል ወይ ብሎ እያረጋገጠ ሪፖርቱን ያስተካክል። ይሄ አራተኛ ሰው ስራ ያልሰራ ስለሚመስለው ማንም አይፈልገውም፣ እኔ ግን ጥሩ ጸሀፊያችሁን እዛ አስቀምጡ ነው የምለው።

ምን ይዤ ልቅረብ?

ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕ፣ ሁለት የተለያየ ስልክ፣ ከሁለቱ አንዱ ያረጀና ሚሞሪው ትንሽ አንድሮይድ ቢሆን በጣም ደስ ይለኛል ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው፣ ዴቨሎፐሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞከረው በራሱ አዲስ ስልክ ብቻ ነው። ስክሪን መቅጃውን ቤታችሁ ሞክሩት፣ ውድድሩ ላይ ኢንስቶል ማድረግ አትጀምሩ። ከቤት በኢንተርኔት የምትወዳደሩ ከሆነ መብራት ሊጠፋ ይችላልና ፓወር ባንክ ይኑራችሁ፣ ዋይፋዩ ሲሄድ ወዲያው የምታዞሩት በሌላ ሲም የተሞላ ዳታ ይኑር፣ ሪፖርቱንም መጀመሪያ ኢንተርኔት የማይፈልግ ቦታ ጽፋችሁ ከዛ ኮፒ አድርጉት። አንዴ ከመላኬ በፊት ገጹ ተቋርጦብኝ ሶስት ሪፖርት ጠፍቶብኛል፣ ያንን እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሰአቱን እንዴት እንከፋፍለው?

ሶስት ሰአት ነው እንበል። የመጀመሪያዋን 15 ደቂቃ ማንም ባግ አይጻፍ፣ ደንቡን አንብቡ፣ ፕሮዳክት ኦነሩ የሚለውን ስሙ፣ አፑን ከላይ እስከ ታች አንዴ ዞር ዞር ብላችሁ እዩትና ማን የት እንደሚሄድ ተነጋገሩ። ፕሮዳክት ኦነሩን ጠይቁት በናታችሁ! ብዙ ቡድን አፍሮ ዝም ይላል። ይሄ አፕ ለማን ነው፣ የትኛው ክፍል ቢበላሽ በጣም የሚያሳስባችሁ፣ ያላለቀ ክፍል አለ ወይ፣ እነዚህን ሶስት ብቻ ብትጠይቁ ሌላው ቡድን ያላለቀ ገጽ ላይ አንድ ሰአት ሲያቃጥል እናንተ ቁምነገሩ ላይ ትሆናላችሁ።

ከዛ በኋላ አርባ አርባ ደቂቃ አድርጋችሁ ስሩ፣ እያንዳንዱ ሰው ለዛ አርባ ደቂቃ አንድ አላማ ይያዝ፣ ለምሳሌ ክፍያ መሀል ላይ ኔትዎርክ ቢቋረጥ ምን ይሆናል የሚል። ይሄ አሰራር የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ወንድማማቾቹ ቴስተሮች ጆናታን ባክና ጄምስ ባክ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ሴሽን ቤዝድ የሚባለው ነው፣ ኤክስፕሎራቶሪ ቴስቲንግ የሚለውን ስም ደግሞ ሴም ኬነር የሚባለው የቴስቲንግ ምሁር ነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣለት፣ በቃ ቴስት ኬስ (ምን ተደርጎ ምን እንደሚጠበቅ የሚዘረዝር የሙከራ ዝርዝር) ቀድመህ ሳትደረድር እየተማርክ እየሞከርክ የምትሄድበት ማለት ነው። ውድድር ላይ ከዚህ ውጪ የሚያዋጣ አላየሁም፣ ኤክሴል ከፍቶ ቴስት ኬስ መደርደር የጀመረ ቡድን ሰአቱ ያልቅበታል። አርባ ደቂቃው ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ተሰብሰቡና ያያችሁትን ተባባሉ፣ አንዱ ያየው ለሌላው ፍንጭ ይሆነዋል። የመጨረሻውን ግማሽ ሰአት አዲስ ባግ መፈለግ ተዉት፣ ያላችሁን አጥሩ፣ የተደገመውን አውጡ፣ ጠቅላላ ሪፖርቱን ጻፉ። ከባድ ነው አውቃለሁ፣ እጅ ያሳክካል፣ ግን ተዉት።

ባግ የት የት ነው የሚገኘው?

ሁሌም ጥሩ ባግ የሚገኘው ጠርዝ ላይ ነው። ከ1 እስከ 10 ትኬት ይፈቀዳል ካለ 0፣ 1፣ 10፣ 11 ሞክሩ፣ 5ን ሞክሮ ማለፍ ጊዜ ማባከን ነው። ላክ የሚለውን በተን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑት፣ ሁለት ጊዜ ብር የሚቆርጥ አፕ ብዙ ነው። ክፍያ መሀል ላይ ስልክ ይደወልላችሁ፣ ስክሪኑን አዙሩት፣ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። በአንድ አካውንት ሁለት ስልክ ላይ ግቡና አንዱ ላይ ያጠፋችሁትን ሌላው ላይ ለማስተካከል ሞክሩ።

አፑ ለኢትዮጵያ የተሰራ ከሆነ ደግሞ እኛ የምናውቀው የውጪ ቴስተር ግን የማያስበው ሀብት አለን፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም የምወደው ክፍል ነው። ስም እንጀምር። ገ/መድህን ብላችሁ ጻፉ፣ ኃ/ማርያም ብላችሁ ጻፉ፣ እዝባሯን አልቀበልም የሚል ፎርም ስንቱ ነው። የቤተሰብ ስም ግዴታ ነው የሚል ፎርም ላይ የአባት ስም ይግባ የአያት ስም፣ ሁለቱን ብታስገቡስ መታወቂያው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ። ፍለጋው ላይ ሀይሉ ብላችሁ ኃይሉ ይመጣል ወይ፣ ፀሐይ ብላችሁ ጸሀይ ይመጣል ወይ፣ ካልመጣ የታካሚ ካርድ ሲስተም ላይ ቢሆን አንድ ሰው ሁለት ካርድ ወጣለት ማለት ነው።

የፊደል ብዛትም አለ። ፊደላችን ኮምፒውተር ጽሁፍ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት (ባይት የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ ነው) ነው የሚይዘው፣ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ፣ እና ፕሮግራመሩ የስም ቦታውን 30 ባይት ብሎ ከወሰነው እንግሊዝኛው 30 ፊደል ሲገባ አማርኛው 10 ላይ ይቆረጣል። ኤስኤምኤስም እንደዛው፣ በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ 70 ብቻ፣ ስለዚ እንግሊዝኛው አንድ ኤስኤምኤስ የነበረው ማረጋገጫ አማርኛ ሲሆን ሁለት ሶስት ይሆንና የድርጅቱ ወጪ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ቀድሞ ይመጣል።

ቀን ላይ ጳጉሜን ፈልጉ! አስራ ሁለት ወር ብቻ ያለው ካላንደር ካገኛችሁ ትልቅ ባግ ነው። ጳጉሜ 6 በየአራት አመቱ ነው ያለችው፣ 2011 ላይ ነበረች፣ 2015 ላይ ነበረች፣ ስለዚ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መቀበል አለበት ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ግን መቀበል የለበትም። ከዛ ጳጉሜ 6 ካለች በኋላ መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ይውላል፣ ሁለቱን ካላንደር የሚቀይር አፕ እዚህ ጋ ነው አንድ ቀን የሚሳሳተው። ሰአት ላይ ደግሞ 3፡00 ብሎ ዝም ያለ ቀጠሮ የጠዋቱ ሶስት ይሁን በፈረንጅ ከሰአት ሶስት ማን ያውቃል፣ ሰውየው ባሱ አመለጠው ማለት ነው።

ባግ ሪፖርት እንዴት ነው የሚጻፈው?

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ። መጀመሪያ የተወዳደርን ጊዜ ቡድናችን ከማንም በላይ ባግ ነበር የላከው፣ ደስ ብሎን ነበር፣ ውጤት ሲነገር ግን መሀል ላይ እንኳን አልነበርንም፣ ያሸነፉት ልጆች የእኛን ሩብ አይሆንም የላኩት። የእነሱን ሪፖርት ሳየው ገባኝ፣ እያንዳንዱ ሲነበብ ዳኛው አፑን ከፍቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባጉን በራሱ አይን ያየዋል። የእኛ ደግሞ እንደዚህ ነበር፦

ምዝገባ አይሰራም። ስልክ ቁጥር ኤረር ይላል። ይስተካከል።

አሁን ያንኑ ባግ ብጽፈው እንደዚህ ነው፦

ርዕስ፦ በ07 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ምዝገባ ላይ አያልፍም፣ በ09 የሚጀምረው ግን ያልፋል።
መሳሪያ፦ አንድሮይድ 13 ስልክ፣ ክሮም ላይም ሞክሬዋለሁ ያው ነው።
ያደረግኩት፦ 1. መመዝገቢያ ገጽ ከፈትኩ። 2. ስምና የይለፍ ቃል ሞላሁ። 3. ስልክ ቁጥር ላይ በ07 የሚጀምር አስር አሃዝ አስገባሁ። 4. ቀጥል የሚለውን ተጫንኩ።
የጠበቅኩት፦ ማረጋገጫ ኮድ እንዲላክልኝ።
የሆነው፦ የተሳሳተ ቁጥር የሚል ቀይ ጽሁፍ መጣ፣ ኮድ አልተላከም። አምስት ጊዜ ሞክሬ አምስቱንም ያው ነው። በ+251 ጀምሬ ሳስገባውም አያልፍም።
ማንን ይጎዳል፦ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው በሙሉ በዚህ አፕ መመዝገብ አይችልም፣ ሌላ መንገድም አልተሰጠውም።

ልዩነቱን አያችሁት አይደል። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ዴቨሎፐር ችግሩ የት ኮድ ጋ እንዳለ ይገምታል። ሴም ኬነር ባግ አድቮኬሲ ብሎ ያስተማረው ይሄንኑ ነው፣ ባጉ እንደገና እንደሚከሰት አረጋግጥ፣ አላስፈላጊውን እርምጃ እየቀነስክ አጥበው፣ ከዚህ የባሰ ጉዳት ያደርሳል ወይ ብለህ ግፋው፣ ሌላ መሳሪያ ሌላ ሰው ላይም ይከሰታል ወይ ብለህ አስፋው፣ ከዛ ማንን እንደሚጎዳ ንገር። እና እባካችሁ ሰው አትዝለፉ፣ ፕሮግራመሩ አልሞከረውም እንዴ የሚል አስተያየት የጻፈ ተወዳዳሪ አይቻለሁ፣ ያንን የሚያነበው ሌሊት ተቀምጦ የሰራው ልጅ ነው።

ነጥብ እንዴት ይሰጣል?

እንደ አዘጋጁ ይለያያል፣ ሁሌም ደንቡን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ግን የባጉ ክብደት፣ የሪፖርቱ ጥራት፣ ጠቅላላ ሪፖርቱ አንድ ላይ ይታያሉ። አንድን ባግ አምስት ቦታ ከፋፍሎ መላክ ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ አይጨምርም፣ ዳኛውን ያደክመዋል። የፊደል ስህተትና የቀለም ነገር ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይሰበስባል፣ ሁሉንም ጠቅልላችሁ በአንድ ሪፖርት ላኩትና ወደ ዋናው ሂዱ። ዳኛ ሆኜ ሳነብ ከባድ ነው ተብሎ የተላከ ሁሉ ከባድ ሆኖ አላገኘሁትም፣ ሁሉንም ከባድ ያለ ቡድን ደግሞ በእውነት ከባዱን ሲያመጣም ማመን ይቸግራል።

ምን ማድረግ የለብንም?

ሁላችሁም አንድ ሰርቨር ላይ ናችሁ፣ ስለዚ ካልተፈቀደ ሎድ ቴስት (ሰርቨሩን በብዙ ጥያቄ አጨናንቆ መሞከር) አታድርጉ፣ አንድ ቡድን በስክሪፕት ሺህ ሪኩዌስት ልኮ የሁሉንም ሰአት ያበላሻል። የእውነተኛ ሰው ስልክና መታወቂያ አታስገቡ፣ የእናታችሁንም ቢሆን። የሌላ ተጠቃሚ መረጃ በአጋጣሚ ከታያችሁ እዛው ቁሙ፣ አንድ ስክሪንሾት በቂ ነው፣ ለአዘጋጁ ወዲያው ንገሩ።

እንግሊዝኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ችግር አለው?

በእንግሊዝኛ የሚካሄድ ከሆነ አጭር አጭር አድርጉት። ከፈትኩ፣ ጻፍኩ፣ ተጫንኩ፣ ይሄ መጣ። ይሄን የምትጽፉበት እንግሊዝኛ አላችሁ፣ ላይ እንዳሳየኋችሁ በቁጥር ሲደረደር ደግሞ ከረጅም ጽሁፍ ይበልጣል፣ ቪዲዮ ስትጨምሩበት ማንም አይቸገርም። እዚህ አገር የሚዘጋጅ ከሆነ በአማርኛ እንዲፈቀድ አዘጋጁን ጠይቁ፣ እኔ ዳኛ የሆንኩበት ላይ ተፈቅዶ በጣም ጥሩ ጥሩ ሪፖርት አይተናል።

ኤአይ መጠቀም ይቻላል?

ደንቡ ከፈቀደ ጽሁፍ ለማስተካከል፣ የሚሞከር ዳታ ለማውጣት ይጠቅማል። ሪፖርቱን ራሱን እንዲጽፍላችሁ ከሰጣችሁት ግን ያላደረጋችሁትን እርምጃ ይጨምርበታል፣ ዳኛው ሲሞክረው አይከሰትም፣ ከዛ በኋላ ሌላውንም ሪፖርታችሁን በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

የት ልለማመድ?

ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ዊክኤንድ ቴስቲንግ የሚል ነገር ተጀምሮ ነበር፣ ቴስተሮች ቅዳሜና እሁድ ኦንላይን ተገናኝተው አንድ ሶፍትዌር አብረው ይሞክሩና በኋላ ምን አየን ምን አመለጠን ብለው ይወያያሉ። ያንን እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ፣ አራት አምስት ሆናችሁ ቅዳሜ ከሰአት ቡና አፍልታችሁ አንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) አፕ ምረጡ፣ አንድ ሰአት ስሩ፣ ከዛ ሪፖርታችሁን ተለዋወጡና ሌላኛው ሰው ምንም ሳትነግሩት ባጉን መድገም ይችል እንደሆነ እዩ። ካልቻለ ሪፖርቱ ገና ነው። ያገኛችሁትን ለፕሮጀክቱ ሰዎች ላኩላቸው፣ ደስ ነው የሚላቸው።

ለስራ ይጠቅመኛል?

ሽልማቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ በእሱ አትሂዱ። ኢንተርቪው ላይ ግን ያሸነፍኩበት ሰርተፍኬት ይሄው ከማለት ይሄ የጻፍኩት ሪፖርት ነው ብሎ ማሳየት ይበልጣል፣ ባለቤቱ እንዲታይ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ሳይፈቀድላችሁ ያላስተካከሉትን ባግ ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፉ።

ሰአቱ ካለቀ በኋላ ባግ ባገኝስ?

ነጥብ አይቆጠርም፣ ግን ላኩት። እኔ አንዴ ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የልደት ቀን ላይ ጳጉሜን ሳልሞክር መቅረቴ ትዝ አለኝ፣ ቤት ገብቼ ስሞክረው ጳጉሜ የተወለደ ሰው ጭራሽ መመዝገብ አይችልም ነበር፣ በዛው ማታ እንደ ውድድሩ ሪፖርት አድርጌ በደንብ ጽፌ ለአዘጋጆቹ በኢሜይል ላክሁላቸው።